ጠቅታ ዳኛ ይሆናልን?

የኢንተርኔት መፈለጊያዎች የተጠቃሚውን ጠቅታ እየቆጠሩ ራሳቸውን ያሻሽላሉ። ጎግልም ይህን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2023 ዋሽንግተን ላይ በዋለው ችሎት ተመስክሯል። ብዙኃኑ የመረጠው ይቅደም ማለት ለሰሚው ፍትሐዊ ይመስላል። ግን የብዙ ሰው ጣት ያረፈበት ሁሉ እውነት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2005 ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት መልሱን ይነግረናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውጤቶች ቦታ ሲለዋወጡ እንኳ ሰዎች ወደ ላይኛው አዘነበሉ። እንግዲህ ልብ በሉ! ሰው የሚጫነው ያመነበትን ብቻ ሳይሆን ያስቀደሙለትንም ነው። መሣሪያው የራሱን የገደል ማሚቶ ሰምቶ «ሕዝብ ፈረደ» ቢለን እንዴት እንቀበል?

ዋጋውስ? እ.ኤ.አ. በ2006 ኤኦኤል የ650 ሺህ ያህል ተጠቃሚዎችን ፍለጋ ለምርምር ብሎ ይፋ አወጣ። ስማቸው በቁጥር ተተክቶ ነበር። ሆኖም ጋዜጠኞች የጥያቄዎቿን ዱካ ተከትለው አንዲትን ሴት አገኟት። ሰው ለሐኪሙና ለወዳጁ ያልነገረውን ሕመሙን፣ ዕዳውንና ጭንቀቱን ለመፈለጊያው ይነግራልና ነገሩ ቀላል አይደለም።

መሻሻሉን አንጠላም። በስህተት የተጻፈ ቃል ሲታረም፣ የማይረባ ገጽ ወደ ታች ሲወርድ ሁላችንም እንጠቀማለን። ነገር ግን ጠቅታ ረዳት እንጂ ዳኛ አይሁን። ያለ ፈቃዳችን አይሰብሰብ፤ ከተሰበሰበም ጊዜው ሲያልፍ ይደምሰስ። እኛም ከመጀመሪያው መልስ አልፈን ማንበብን እንልመድ። የቀደመ ሁሉ ትክክል አይደለምና!