ሦስት አገር በአንድ ስልክ

ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ጠያቂው የቡና ገበሬዎች ማኅበር አባል የሆኑ አባት ናቸው። ማኅበራቸው ውጭ አገር ያሉ የቡና ገዢዎችን እንዲያነጋግሩ መርጧቸዋል። ከአዲስ አበባ ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ይበርራሉ። ከዚያ በባቡር ወደ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ወደምትባል ከተማ ይሄዳሉ። ከባዝል ደግሞ ጣሊያን፣ የቡና ወደብ ወዳላት ወደ ትሪየስቴ ይሻገራሉ። «ስልኬን ምን ላድርገው?» አሉን።

ክፍሉ ዝም አለ። ነገሩ አለ። አምና አንድ የሺሺንዳ ጎረቤታችን በዚሁ መንገድ ሄደው ነበር። «አውሮፓ» የሚል የኢንተርኔት ጥቅል ተገዝቶላቸው ነበር። ጀርመን ላይ ስልኩ ደኅና ሠራ። ባዝል ሲደርሱ ኢንተርኔቱ ጠፋ። የሚቀበላቸው ሰው በየትኛው በር እንደቆመ በዋትሳፕ ይጽፋል፤ መልእክቱ ግን አይገባም። የባቡር ጣቢያው ሰፊ ነው፣ ቋንቋው አይገባቸውም። ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ሻንጣቸውን ይዘው ቆሙ። እዚህ ባለቤታቸው ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ቢደውሉ ቢደውሉ መልስ የለም።

ስልኩ አልተበላሸም። ጥቅሉም የተባለውን ሠርቷል። ችግሩ «አውሮፓ» የሚለው ቃል ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚባለው 27 አገሮች ያሉበት ማኅበር ነው። ከሰኔ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአንዱ አባል አገር የተገዛ ሲም ካርድ በሌሎቹም ያለ ተጨማሪ ሂሳብ ይሠራል። ስዊዘርላንድ ግን በጀርመንና በጣሊያን መካከል ብትሆንም የዚህ ማኅበር አባል አይደለችም። እንግሊዝም በ2012 ዓ.ም. ወጥታለች። ስለዚህ «አውሮፓ» ተብሎ የሚሸጥ ጥቅል አንዳንዱ ስዊዘርላንድን ይጨምራል፣ አንዳንዱ አይጨምርም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ድሮ መንገደኛ በየአገሩ አዲስ ሲም ካርድ ይገዛ ነበር። ዛሬ ኢ-ሲም የሚባል ነገር አለ። ኢ-ሲም በእጅ የሚያዝ ካርድ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ሻጩ ድርጅት ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አራት ማዕዘን ምልክት ይልካል። ስልኩ ምልክቱን በካሜራው ሲያነብ መሥመሩ ይገባል።

ሁሉም ስልክ ግን ኢ-ሲም የለውም። ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ የላቸውም። ለማወቅ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብላችሁ ደውሉ። እንዲህ ነው፦ *#06# ። ቁጥሮች ይመጣሉ። ከቁጥሮቹ አጠገብ ኢ፣ አይ፣ ዲ የሚሉ ሦስት የፈረንጅ ፊደላት ካሉ ስልኩ ኢ-ሲም ይቀበላል። ዘመድ ከአሜሪካ ስልክ ሲልክላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ስልኮች የካርድ ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። የቴሌን ካርድ የት ታስገቡታላችሁ?

ሻጮቹ ብዙ ናቸው። ኤራሎ የሚባለው ለአንድ አገር፣ ለአንድ አህጉር ወይም ለዓለም የሚሆን ጥቅል ይሸጣል። በብዛት የሚሸጠው በጊጋ ተለክቶ ነው። ሆላፍላይ የሚባለው ደግሞ በቀን እየቆጠረ፣ ያለ ልክ እያለ ይሸጣል። እኛ «ያለ ልክ» ለሚለው ቃል ብዙ አንቸኩልም። ብዙ ከተጠቀማችሁ በኋላ የሚያዘግም አለ። ለመጻፍና ድምፅ ለመላክ ትንሽ ጊጋ ይበቃል። ጊጋ የሚበላው ቪዲዮ ነው። የአባባ ጉዞ 12 ቀን ነው፤ ቪዲዮ የማየት ጊዜም የላቸውም። ሦስቱን አገር ባንድ የያዘ ጥቅል ይሻላቸዋል። በየአገሩ ለየብቻ ቢገዙ ድንበር ላይ መቀያየር ይመጣል፤ ያ ደግሞ ባቡር ውስጥ ለብቻ የሚሞከር ሥራ አይደለም። አንድ አገር ብቻ ለሚቀመጥ ሰው ግን የዚያው አገር ጥቅል ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ክፍያው በውጭ ገንዘብ በሚሠራ የባንክ ካርድ ነው። ካርዱ ከሌላችሁ ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ ምልክቱን ሊልክላችሁ ይችላል። ምልክቱን እዚሁ አገር፣ ዋይፋይ ባለበት አስገቡት። ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ እንደገባ መቁጠር ይጀምራል፣ አንዳንዱ እዚያ ስትደርሱ። ከገባም በኋላ አታጥፉት። ብዙው ኢ-ሲም አንዴ ከጠፋ በዚያው ምልክት አይመለስም።

የአገር ቤቱን ካርድ ከስልኩ አታውጡ። መንገደኛ ኢ-ሲም በአብዛኛው ኢንተርኔት ብቻ ነው፣ የስልክ ቁጥር የለውም። ባንክና ቴሌብር የሚስጥር ቁጥር የሚልኩት በአገር ቤቱ ቁጥር ነው። ዋትሳፕም በአሮጌው ቁጥር ይቀጥላል፤ የቤት ሰው በለመደው ቁጥር ያገኛችኋል። መልእክቱ ውጭ አገር እንዲገባ ከጉዞ በፊት ቴሌ ቢሮ ሄዳችሁ አስከፍቱ። በዚያ ካርድ ኢንተርኔት መጠቀሙን ግን ዝጉት። አለዚያ ሂሳቡ ያስደነግጣል።

አባባ ይህን ሁሉ ሰምተው ደብተራቸውን ገለጡ። ጀርመን፣ ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያን ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። የሻጮቹ ዝርዝር በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ እኛ ከጎኑ የሦስቱን አገር ስም በዚያ ፊደል ጻፍንላቸው። ከዚያ የአንዱን ሻጭ ዝርዝር በስልክ አወጣንላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ጀርመንን አገኙ። ጣሊያንንም አገኙ። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ወረዱት።

«ስዊዘርላንድ እዚህ የለችም፤ ሌላ አምጡ» አሉን።