ከማማ ወደ ኮርቻ

በአሜሪካ አጋዘን በቀስት የሚያድኑ ሰዎች ከዛፍ ግንድ ጋር በሚታሰር የብረት ማማ ላይ ተቀምጠው ማድፈጥ የቆየ ልማዳቸው ነው። ዛሬ ግን ማማውን ትተው ወደ «ኮርቻ» የሚሻገሩት በርክተዋል። ኮርቻ ማለታችን የፈረሱን አይደለም፤ ዳሌንና ታፋን ይዞ፣ በገመድ ከግንዱ ጋር ተያይዞ፣ አዳኙን እንደ ተንጠለጠለ የሚያስቀምጥ መታጠቂያ ነው።

አንዳንዶች የነጋዴ ፋሽን ነው ሲሉ ይነቅፉታል፤ ሌሎች ለሸክም መቅለሉን ብቻ ያወድሳሉ። እኛ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው እንላለን። በማማ ላይ ሰው ሳይታሰር ሊቀመጥ ይችላል፤ በኮርቻ ግን መቀመጥ ማለት መታሰር ነው። ችኮላና ስንፍና ለሚያሸንፈው ለሰው ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ አገር ከማማ መውደቅ አዳኞችን ከሚጎዱት ዋና ዋና አደጋዎች አንዱ ነውና።

ይሁን እንጂ ኮርቻ ገዛሁ ብሎ መመካት አይገባም። ሲወጣና ሲወርድ የሚወድቀው ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግንዱን የሚያቅፍ ገመድ ያልታጠቀውን ኮርቻው አያድነውም። ባለማማውም ከመሬት ጀምሮ ራሱን ካሰረ፣ ገንዘብ ሳይኖረው አሮጌውን ይጣል አንልም። ከዕቃው በፊት መለወጥ ያለበት ልማዱ ነው። እግር ከመሬት ከለቀቀ ጀምሮ ተመልሶ መሬት እስኪረግጥ ድረስ ገመዱ አይፈታ!