ዲስኩ ይላግ ወይስ ይቀየር? ተሳፋሪውስ ይጠየቅ!

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የእኛ ኑሮ ግን ያው ነው፤ አልጋችን እዚህ፣ እንጀራችን አዲስ አበባ፣ በመካከሉ ደግሞ ሚኒባስ። ስለ ታክሲ ስናወራ ስለ ታሪፍና ስለ ትርፍ ሰው እናማርራለን። ፍሬን ትዝ የሚለን ግን እምቢ ያለ ቀን ነው! እስቲ ዛሬ እሱን እናውራ።

የምንሳፈርበት ሃይኤስ፣ ዶልፊንም ይሁን አባዱላ፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር አለው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚጋፋ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ዲስክ ነው። ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ሲፋጭ ዲስኩ ይቦረቦራል፤ አንዳንዴም ፍሬን በተያዘ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ያኔ ጋራዥ ውስጥ ያቺ ጥያቄ ትመጣለች፦ ይላግ ወይስ ይቀየር?

መላግ ማለት ዲስኩን ቶርኖ ላይ አስሮ ሁለቱንም ፊቱን በስሱ መግፈፍ ነው። በራሱ ነውር የለውም። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ መግዛት ቀልድ አይደለም። ባለንብረቱ ቢቆጥብ አንፈርድበትም። የምንፈርድበት ሳይለካ ሲያስላግ ነው።

አብዛኛው ዲስክ ላይ በሚሊ ሜትር የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ «ከዚህ በታች እንዳልሳሳ» እንደ ማለት ነው። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 22 ሚ.ሜ. የነበረ ዲስክ 20 የሚል ከተጻፈበት፣ ዕድሜው በሙሉ 2 ሚ.ሜ. ብቻ ናት። እሷኑ ሸራውም ይበላታል፣ ቶርኖውም ይበላታል። ሂሳቡ ታዲያ ቀላል ነው፦ ተልጎም ከቁጥሩ በላይ የሚተርፍ ከሆነ ይላግ። የማይተርፍ ከሆነ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር፤ ሲቀየርም ግራና ቀኙ አብሮ። ሱማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ ዲስክም ቢሆን ያው ይለካ።

የሳሳ ዲስክ ምን ያመጣል ትሉ ይሆናል። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ያንን ሙቀት የሚሸከመው የዲስኩ ብረት ነው። ብረቱ ሲያንስ ቶሎ ይግላል፣ ሸራውም መያዝ ያቅተዋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ እንዳይፈላ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ላይታወቅ ይችላል። ከሱሉልታ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ፣ ሙሉ ሰው ጭኖ፣ ፍሬን እየረገጡ ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ ግን ሊታወቅ ይችላል።

«ቦሎ አለው እኮ!» እንዳትሉን። ቦሎው በዓመት አንዴ ነው፤ ቁልቁለቱ በየቀኑ ነው።

ለነገሩ ሹፌሩም ጭንቅ አለበት። የቀን ገቢ የሚያስገባ ከሆነ መኪናው ጋራዥ የዋለ ቀን ለእሱም ለባለንብረቱም ኪሳራ ነው። ስለዚህ «ለዛሬ ይላግና ይሂድ» ይባላል። ቁጠባው የሁለቱ፣ አደጋው ግን ከኋላ የተቀመጥነው ሁላችን ነው። በውሳኔው ደግሞ የለንበትም።

እናም ባለንብረቶች ሆይ፣ መካኒኩ ሳይልግም ከላገ በኋላም በካሊፐር ይለካ፤ ቁጥሩንም በወረቀት ይስጣችሁ። ተሳፋሪዎችም ብረት ሲፋጭ ከሰማን ዝም አንበል። «ወራጅ አለ!» ብለን ለመጮኽ የማናፍር ሰዎች፣ «ወንድሜ፣ ዲስኩን አስለክተኸዋል?» ብሎ መጠየቅ ምን ያሳፍረናል?