ለሲኒ የማይሆን ሸክላ

በዚህ ዓምድ ስለ ከሰል ጭስ በተደጋጋሚ ጽፌአለሁ። የዛሬውም ከጭስ አይርቅም፤ ጭሱ ግን የሚወጣው ከሸክላ እቶን ነው።

የልጅ ልጄ ሸክላ ትሠራለች። አንድ ሥራውን ያቆመ ወርክሾፕ የተበላሸ የኤሌክትሪክ እቶን ሲሸጥ አገኘችና በርካሽ ገዛችው። ላላየው ሰው፣ እቶኑ ከውጭ በቆርቆሮ የተጠቀለለ፣ ከውስጥ እሳት በሚችል ቀላል ጡብ የተሠራ፣ ከላይ ክዳን ያለው፣ በርሜል የሚመስል ነገር ነው። በጡቡ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ እንደ ምጣድ ሬዚስታንስ የተጠመዘዘ ሽቦ ይዞራል። ያ ሽቦ ተቃጥሏል። አዲስ ማስገባት ከእቶኑ ዋጋ በላይ ይጠይቃል፤ ቢገባም የግቢያችን መስመር አይችለውም። ስለዚህ «ወደ ቡታጋዝ ልለውጠውና ራኩ ልተኩስበት» አለች። እናቷ «እኔ ባለሁበት ግቢ አይሆንም» አለች። የ4 ዓመት ልጅ በግቢው ይሮጣል፤ እናት ብትፈራ አልፈርድባትም። ዳኝነቱ ወደ እኔ መጣ።

ራኩ የጃፓን ሥራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኪዮቶ ከተማ ቾጂሮ የተባለ ሸክላ ሠሪ፣ የሻይ ሥርዓት ሊቅ ለነበረው ለሴን ኖ ሪኪዩ በእጁ እያድበለበለ የሻይ ጽዋ ይሠራ ነበር። ተተኪዎቹ ራኩ የሚለውን ስም ይዘው እስከ ዛሬ በዚያው ከተማ ይሠራሉ። ሌላው ሸክላ እቶን ውስጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ የራኩ ዕቃ ግን እንደ ፍም ቀልቶ ሳለ በጉጠት ይወጣል። ጭሱን የጨመሩት አሜሪካውያን ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ገደማ ፖል ሶልድነር የተባለ የካሊፎርኒያ ሸክላ ሠሪ የጋለውን ዕቃ በቅጠል ውስጥ ማጠን ጀመረ። ዛሬ ሰጋቱራ ወይም ወረቀት ባለበት ጣሳ ተከቶ ይከደናል። እሳቱ አየር ሲያጣ ኦክስጅኑን ከቅቡ ውስጥ ይስባል፤ መዳብ ያለበት ቅብ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፣ ነጩ ቅብ በተሰነጠቀበት ሁሉ ጥቀርሻ ገብቶ የሸረሪት ድር የመሰለ መስመር ያወጣል፣ ቅብ ያልነካው ሸክላ ጥቁር ይሆናል።

ይህን ስትነግረኝ የታየኝ ጃፓን ሳይሆን ጥቁር ጀበና ነው። ጀበናም በቀለም አልጠቆረም፤ የጋለ ሸክላ በጭስ ሲታፈን ይጠቁራል። የቀጨኔ እናቶች ይህን ዓይነት ሙያ ከእናቶቻቸው ተቀብለው ነው የኖሩት። እኛ ልጆች ሳለን ደግሞ ሸክላ ሠሪ ቡዳ ይባል ነበር፤ ገንቦውን ገዝቶ ሠሪዋን የሚሸሽ ሰው ሞልቶ ነበር። የልጄ «አይሆንም» ከዚያ እንዳልመጣ አረጋግጬ ነው ስለ እሳቱ መነጋገር የጀመርነው። (ከዚያ የመጣ ቢሆን ኖሮ መልሴ በጣም አጭር ይሆን ነበር።)

እቶኑ ይለወጣል። ብዙ አገር ይሠሩታል፤ አሠራሩም ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይሞታል። ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ሬዚስታንሱ፣ ሽቦውና የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ በሙሉ ተነቅለው ይወጣሉ። በጣም አሮጌ እቶን ከሆነ በሽቦው መሸፈኛና በሰሌዳው ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጭረት ጭረት ያለበትን ነገር አለመፈቅፈቅ ነው። ከዚያ ከታች ጎኑ ላይ ወደ 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የእሳት ማስገቢያ፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ደግሞ ከእሱ ትንሽ የሚሰፋ የጭስ መውጫ ይበሳል። ጡቡ ለስላሳ ስለሆነ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፤ አቧራው ግን ለሳንባ ክፉ ነው፣ ውሃ እያርከፈከፉ፣ አቧራ የሚያግድ ጭምብል አድርገው ነው የሚቆርጡት። በርነሩ፣ ማለትም እሳት የሚተፋው ቱቦ፣ ቀዳዳው ውስጥ አይወተፍም፤ አየር እንዲስብ ጥቂት ጣት ራቅ ብሎ ይቆማል። ዕቃዎቹ የሚቀመጡበት ሰሌዳ በጡብ ከፍ ይላል፤ ነበልባሉ በሥሩ ገብቶ ዙሪያውን እንዲወጣ ነው። ሸክላ ላይ በቀጥታ ካረፈ ይሰነጥቀዋል። ጭቃውም የተፈጨ ገል ይቀላቀልበታል፤ ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ የሚችለው ያኔ ነው።

እኔ ያስጨነቀኝ አከፋፈቱ ነው። ክዳኑ ከላይ ከሆነ 1000 ዲግሪ ገደማ የደረሰ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውጣት ይመጣል። ይህን አልቀበልም አልኩ። የእኛ እቶን ወለሉ ከአካሉ ስለሚለይ በያጁ ሦስት እግር ያለው ብረት ሠርቶ በመዘውርና በሰንሰለት አያያዘው። አሁን ጋዙ ይዘጋል፣ በርነሩ ወደ ኋላ ይሳባል፣ አካሉ እንደ መሶብ ክዳን ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ ዕቃዎቹ ወለሉ ላይ ይቀራሉ። የበያጁ ዋጋ ከእቶኑ በለጠ። ይብለጥ።

ቦታው ከሰማይ በታች ነው። ግድግዳ ያለው ጋራዥ፣ በላስቲክ የተጋረደ በረንዳ፣ «በሩን ከፍተን» የሚባል ክፍል ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከእቶኑም ከሚታጠንበት ጣሳም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ «ፀሐይ መታኝ» ብሎ መቀመጥ የለም፤ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መሄድ ነው። የጨርቅ ማስክም ሆነ ያ ጡብ ስንቆርጥ ያደረግነው ጭምብል ይህን ጋዝ አያግድም። እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትቅረብ፤ ጽንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል።

ቡታጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ካፈተለከ ወደ ላይ አይበተንም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ ከእቶኑ ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ፣ በሬጉላተር ይቆማል። መገጣጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል፤ አረፋው ከነፋ ሥራው ለዚያ ቀን ቀረ። በርነሩ በመሃል ከጠፋ ጋዙን ዘግቶ፣ እቶኑ ውስጥ የተጠራቀመው እስኪወጣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ጠብቆ ነው እንደገና የሚለኮሰው። ሲሊንደሩ ላይ በረዶ ሲጋገር በእሳት ማሞቅ የሚባለውንማ ባልሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን እሳቱ አይደለም። እሳትን ልጅም ይፈራል። የሚያታልለው ከጣሳው የወጣው ዕቃ ነው። ቀይ መልኩ ጠፍቶ፣ ጠቁሮና አምሮ መሬት ላይ ሲቀመጥ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ቆዳ የሚልጥ ሙቀት ግን በውስጡ አለ። የ4 ዓመት ልጅ የሚያነሣው ይህንን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሁኔታዬ ይህ ሆነ፦ በተኩስ ቀን ሕፃኑ ከግቢ ይወጣል፣ ዕቃዎቹ በእጅ እስኪነኩ ድረስም አይመለስም። «ተመለስ» እየተባለ፣ መስመር ተሰምሮለት የሚጠበቅ ልጅ የለም።

ተኳሾቹ ረጅም የቆዳ ጓንትና ጫማ፣ የጥጥ ልብስ፣ የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ። ናይለን የለም፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላ፣ ሻሽና የሚንጠለጠል ጸጉር ይታሰራል። ውሃ የሞላ ባልዲና ጎማ አጠገብ ይኖራል። ቃጠሎ ቢደርስ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ፤ በረዶ አይደለም። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም። በሥራ ዘመኔ የጥርስ ሳሙና ከተቃጠለ የሕፃን እጅ ላይ ማጠብ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ነው የሚያለቅሰው። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መሄድ ነው። ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ፣ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው።

ሥራው በሌለበት ቀንም አቧራ አለ። የደረቀ ጭቃ ውስጥ ያለው ሲሊካ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየገባ ሳንባን ያጠነክራል። የሸክላ ክፍል በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ልብሱም ከሕፃን ልብስ ጋር አይታጠብም።

ሁለተኛው ሁኔታዬ ያጣላን ነው። እንዲህ ባለ ዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ ቅብ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ደኅና ነው የሚባል መጠንም የለውም። ስለዚህ ምንነቱ ያልተጻፈበት ቅብ ወደ ቤታችን አይገባም። እርሳስ ባይኖርበትም የራኩ ዕቃ ለምግብና ለመጠጥ አይሆንም። ሸክላው ጠጥቶ ያሰርጋል፣ ቅቡ የተሰነጠቀ ነው፣ ሎሚና ጠጅን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ መዳቡን ያወጣዋል። የጃፓኖቹ ጽዋ የሻይ ነው እያለች ተከራከረችኝ። የእነሱ ቅብና አሠራር ሌላ ነው፤ እሷ የምትሠራው ጭስ የበላውን፣ መዳብ ያለበትን ነው አልኳት።

ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ አንዲት ጎረቤታችን መጥታ ቅርጹን አየችና ለልጇ ሠርግ 12 ሲኒ አዘዘች። ዋጋውን ሳትከራከር፣ ቀብዱን በእጇ ይዛ። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ዞራ አየች። ለጋዙና ለበያጁ የተበደረችው ገንዘብ ከዚያ ቀብድ ሊከፈል ይችል ነበር። እኔ ዝም አልኩ፤ ሁኔታውን ነግሬአታለሁ፣ ሻጭዋ እሷ ናት።

«ሲኒ አይሆንልዎትም፣ እትዬ፤ መርዝ ይሆናል» አለቻት። ሴትዮዋ ደነገጠች። «ታዲያ ምን ይሆናል?» ስትል ልጅቱ ትንሽ አሰበችና፣ «የዕጣን ማጨሻ» አለች። ፍም የሚችል፣ ጭስ የለመደ፣ ማንም የማይጠጣበት። ረከቦቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ማጨሻ በመዳብ ቅብ፣ ለሙሽሮቹም ሁለት የአበባ ማስቀመጫ፤ አበባው በውሃ እንዲቆይ ውስጡ ብርጭቆ ይገባበታል። ገንዘቡ ከ12ቱ ሲኒ ግማሽ አይሞላም። ሴትዮዋም አሁን ዋጋ መከራከር ጀመረች። ተኩሱ ቅዳሜ ነው፤ ሕፃኑን ወደ አጎቱ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ።