የምርጫ ሕግና የገጠሩ መራጭ

ስለ ምርጫ ሲነገር ብዙዎቻችን የምንጠይቀው ማን እንደ ተወዳደረና ማን እንዳሸነፈ ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ሕጉ ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና፥ የመምረጥ መብት ለሁሉ ቢሰጥም፥ መብቱ ከባለቤቱ እጅ መድረሱን የሚወስኑት በአዋጅ ውስጥ ያሉት ትንንሽ አንቀጾች ናቸው።

በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ጊዜ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ አይመርጥም ነበር። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ሰው ይህን መብት ስለ ሰጠ፥ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ሆኖም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ንብረት የሌለው ጭሰኛ ይመርጣል እንጂ አይመረጥም ነበር። ዛሬ የሚሠራበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን የመራጩን ዕድሜ 18 ስላደረገው፥ ከእኛው ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል እንኳ መራጮች አሉ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ አንቀጾች እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የምርጫ አዋጅ በአንድ ጣቢያ የሚመዘገቡት መራጮች ከ1,000 እንዳይበልጡ ተወስኖ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1162 ግን ይህን ወደ 1,500 ከፍ አደረገው። እስቲ በሒሳብ እንየው። ጣቢያው ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ቢሠራ 43,200 ሴኮንድ ይሆናል። ይህ ለ1,000 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 43 ሴኮንድ፥ ለ1,500 ሰው ሲካፈል ግን 29 ሴኮንድ ያህል ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስሙ ከመዝገብ ይፈለጋል፥ ይፈርማል፥ ጣቱ ቀለም ይነካል፥ ወረቀት ይቀበላል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ የድምፅ መስጫውን ጊዜ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ማራዘሙ የሰልፍ ነገር ቀላል አለመሆኑን ያሳያል።

ሁለተኛው የቀኑ ጉዳይ ነው። የ1997፥ የ2002ና የ2007 ዓ.ም. ምርጫዎች በግንቦት ተደረጉ፤ የ2013ቱ ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ከዘገየ በኋላ በሰኔ ሆነ። በያዮም ሆነ በመቱ በኩል ግንቦትና ሰኔ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ቤቱ በቡና ጫካ ውስጥ ለሆነ ሽማግሌ፥ ልጅ ላዘለች እናት፥ ጭቃውና የሞላው ወንዝ እንደ ሕግ ይከለክላሉ። ሕገ መንግሥቱ ምርጫው የምክር ቤቱ ዘመን ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት እንዲጠናቀቅ ያዛል እንጂ፥ ቀደም ብሎ እንዳይደረግ አይከለክልም። እንደ እኔ አስተሳሰብ ቡናው ከተለቀመ በኋላ፥ በጥር ወይም በየካቲት ቢሆን መልካም ነበር።

ሦስተኛው ቆጠራው ነው። አዋጁ ድምፁ በዚያው በጣቢያው እንዲቆጠርና ውጤቱ ለሕዝብ እንዲለጠፍ ያዛል። ይህ እጅግ ደግ ሕግ ነው፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ የሰፈሩን ቁጥር በዓይኑ አይቶ ከክልሉ ድምር ጋር ሊያስተያየው ይችላልና። የሚያነብ ሰው ከጠፋ ግን የተለጠፈው ወረቀት ዝናብ የሚያበሰብሰው ብጣሽ ሆኖ ይቀራል።

ጣቢያ ቢበዛ ወጪውና አስፈጻሚው ይበዛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ያላወጣውን ወጪ ገበሬው በእግሩና በሥራ ቀኑ ይከፍለዋል።

እንግዲህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ ሕግ ሲሻሻል «ይህ የትልልቆች ጉዳይ ነው» ብለን አንለፈው። አዋጁን አንብበን ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችንና ጎረቤቶቻችን እናስረዳ፤ የተለጠፈውንም ቁጥር እናንብብላቸው። መምህራኖቻችንም በሥነ ዜጋ ትምህርት ጊዜ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የምርጫውን አዋጅ ጨምረው እንዲያስተምሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።