ገንዘቡ የከተማው፣ ውሳኔውም የከተማው ይሁን!

የተከበራችሁ የላሊበላና የላስታ አካባቢ ከተሞች መራጮች!

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የማዘጋጃ ቤት ደረሰኞች ተቀምጠዋል። የቦታ ኪራይ ከፍላችኋል፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ከፍላችኋል፤ ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ፣ በገበያ ቀን ለመደብ ከፍላችኋል። ይህ አልበቃ ብሎ «ለልማት» በሚል ስም መዋጮ ተጠይቃችኋል። ደመወዝተኛ የሆናችሁም ሳትጠየቁ ከደመወዛችሁ የተቆረጠባችሁ ጊዜ አለ። ፓርቲያችን አንድ ጥያቄ ያቀርብላችኋል፦ ከእነዚህ ክፍያዎች በአንዱ ላይ እንኳ፣ ይጨመር ወይም አይጨመር፣ ለዚህ ይዋል ወይም ለዚያ ብላችሁ ድምፅ ሰጥታችሁ ታውቃላችሁ? መልሱን እናንተም እኛም እናውቀዋለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግብር አትክፈሉ ለማለት አይደለም። ያለ ግብር ውኃ የለም፤ መንገድ የለም፤ ቆሻሻ የሚያነሣ የለም። የምንለው ከፋዩ ሕዝብ ወሳኝም ይሁን ነው።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

በአገራችን አሠራር የከተማ ሥራ በሁለት ይከፈላል። ትምህርትና ጤና የመሳሰሉት «የመንግሥት ተግባር» ተብለው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይሸፈናሉ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ የገበያ ቦታ፣ ቄራና የመንገድ መብራት ደግሞ «የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት» ናቸው፤ እነዚህን ከተማው በራሱ ገቢ እንዲሸፍን ይጠበቃል።

የላሊበላ የራሷ ገቢ ምንድን ነው? ከተማዋ በዓለም የታወቀች ናት። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለገና በዓል በየዓመቱ እጅግ ብዙ ምእመን ይጎርፋል። ነገር ግን የእንግዳውን ብር እንከተለው። አውሮፕላኑና አውሮፕላን ማረፊያው የፌዴራል ድርጅት ናቸው። የመግቢያ ክፍያው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ላይ ጥያቄ የለንም፤ ካህናቱም ቅርሱም የሚጠበቁት በእሱ ነው። እንግዳው ያደረበት ሆቴል የግለሰብ ከሆነ የትርፍ ግብሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልሉ ነው፤ ኩባንያ ከሆነ ደግሞ በአንቀጽ 98 መሠረት የፌዴራልና የክልል መንግሥታት የጋራ ገቢ ነው። ለከተማዋ የሚተርፋት የቦታ ኪራይና ልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያ ነው። እንግዳው ትቶት የሄደው ቆሻሻ፣ የተጠቀመበት ውኃና የረገጠው መንገድ ግን የከተማዋ ዕዳ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

እንግዳው ሲቀርስ? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ተያዘች፤ ሕዝቡ ለወራት ያለ መብራት ኖረ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ሆቴሎች ተዘጉ፤ አስጎብኚዎችና የዕደ ጥበብ ነጋዴዎች ሥራ ፈቱ። ነዋሪው ገቢው ሲደርቅ ወጪው አልደረቀለትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ ዐዋጅ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የመብራትና የውኃ ፍጆታን ሳይቀር ታክስ ውስጥ አስገብቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ ዐዋጅን አጽድቋል።

ተመኑን የሚወስነው ማን ነው?

ከተሞች አዲስ ታክስ ሲጥሉ ምክር ቤታቸው ይመክርበታል ይባላል። የትኛው ምክር ቤት? በአገራችን የከተማ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ነው። በዚያ ምርጫ 33 የተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ሳይሳተፉ ቀርተዋል። የተመራጮቹ የ5 ዓመት ዘመን በ2010 ዓ.ም. ሲያበቃ ምርጫው ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተካሄደው 6ኛው ጠቅላላ ምርጫም፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር፣ የከተማ ምክር ቤቶችን አልጨመረም። በ2005 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ግብር ይከፍላል፤ የከተማውን ምክር ቤት ግን መርጦ አያውቅም። ዘመኑ ባለፈ ውክልና የሕዝብን ኪስ መክፈት ሕጋዊ ቢመስልም ፍትሐዊ አይደለም።

በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብር በብዙ እጥፍ ሲጨምር ነዋሪው የሰማው ክፈል ሲባል ነው። የላሊበላ ነዋሪም ሳይጠየቅ የሚወሰንበትን ያውቃል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ቁራቁር የተዛወረው ሕዝብ ስብሰባ ይጠራ ይሆናል እንጂ የድምፅ መስጫ ካርድ አልተሰጠውም። ሕዝብን ሳይጠይቁ ግብር መጣል ምን እንደሚያስከትል ታሪካችን አስተምሯል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን የተቃወመው የጎጃም ገበሬ ጦር ተልኮበት እንኳ አልበገርም አለ፤ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። እኛ ያ እንዲደገም አንሻም፤ ሰላማዊው መንገድ የምርጫ ኮሮጆ ነው።

ሕዝበ ውሳኔ ለወሰን ብቻ ነውን?

በአገራችን ሕዝበ ውሳኔ አዲስ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ለኤርትራ፣ በ2012 ዓ.ም. ለሲዳማ፣ በ2014 ዓ.ም. ለደቡብ ምዕራብ፣ በ2015 ዓ.ም. ለደቡብ ኢትዮጵያ ተካሂዷል። በዚሁ በክልላችን መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በቅማንት ጥያቄ በ8 ቀበሌዎች ድምፅ ተሰጥቷል። እንግዲህ ምርጫ ቦርድ በቀበሌ ደረጃ ሕዝብን ማስወሰን ይችላል ማለት ነው። ታዲያ ሕዝቡ «ከማን ጋር ልተዳደር» ለሚለው ትልቅ ጥያቄ ብቁ ከሆነ፣ «የውኃ መስመሬ በስንት ብር ይዘርጋ» ለሚለው እንዴት ብቁ አይሆንም? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የጎደለው ፈቃደኝነት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ ነው። በስዊዘርላንድ ትላልቅ የአካባቢ ወጪዎች ለመራጩ ድምፅ ይቀርባሉ። በብራዚል የምትገኘው የፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የድሆች ሠፈር ነዋሪዎች የበጀቱን ቅደም ተከተል እንዲወስኑ በማድረጓ የታወቀች ናት።

«ሕዝቡ ግብር አይወድም» ለሚሉን

ሕዝቡ ከተጠየቀ ሁሉን እምቢ ይላል የሚሉ አሉ። ለእነዚህ መልሳችን ዕድር ነው። ዕድርተኛ ወርሃዊ ክፍያውን በስብሰባ ይወስናል፤ ድንኳን ሲያረጅ፣ ዕቃ ሲጎድል ራሱ ጨምሮ ያዋጣል። ለምን? ገንዘብ ያዡን ያውቀዋል፤ መዝገቡ ፊቱ ይነበባል፤ ያጠፋውን ይሽራል። የላሊበላ ሰው ለገና የመጣውን ምእመን እግር አጥቦ የሚያበላ ሕዝብ ነው። ስስታም አይደለም፤ የማይወደው መታለልን ነው።

«ሕዝቡ በጀት አይገባውም» የሚሉም አሉ። የዕድሩን ሒሳብ የሚያውቅ፣ ሱቁን በዱቤ መዝገብ የሚያስተዳድር፣ ጤፍና በርበሬ በኩንታልና በኪሎ የሚያሰላ ሕዝብ የማይገባው የተደበቀ በጀት ብቻ ነው።

ሆኖም ሕዝበ ውሳኔ ለሁሉ ነገር መድኃኒት ነው አንልም። የካሊፎርኒያ መራጮች እ.ኤ.አ. በ1978 የንብረት ግብርን በድምፃቸው ወደ 1 በመቶ ሲገድቡ የአካባቢ አስተዳደሮች ገቢ በአንድ ጊዜ አሽቆልቁሏል፤ ትምህርት ቤቶችም ተጎድተዋል። ስለዚህ ፓርቲያችን የሕፃናት ትምህርት፣ የእናቶች ጤናና የድሆች ድጋፍ ለድምፅ እንዲቀርቡ አይፈልግም። እነዚህ የመንግሥት ግዴታዎች ናቸው።

ፓርቲያችን ቃል የሚገባው

1. የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ሳይውል ሳያድር እንዲካሄድ እንታገላለን። አዲስ ምክር ቤት ሳይመረጥ አዲስ የንብረት ታክስ በከተሞቻችን ሥራ ላይ እንዳይውል እንጠይቃለን።

2. ማንኛውም አዲስ የማዘጋጃ ቤት ክፍያ ወይም ከተማውን ዕዳ ውስጥ የሚከት ብድር ለነዋሪው ሕዝበ ውሳኔ እንዲቀርብ የክልሉ ሕግ እንዲሻሻል እናደርጋለን። የድምፅ መስጫው ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፦ ለምን ሥራ፣ በስንት ብር፣ ለስንት ዓመት። ዓመቱ ሲሞላ ክፍያው ይቆማል፤ እንዲቀጥል ካስፈለገ ሕዝቡ እንደገና ይጠየቃል።

3. በድምፅ የጸደቀ ገንዘብ በልዩ ሒሳብ ይቀመጣል። ለውኃ የተሰበሰበ ለውኃ እንጂ ለስብሰባ አበልና ለመኪና አይውልም። ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ በገበያ ቀን ይነበባል።

4. ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ከደመወዝ መዋጮ መቁረጥ ይቀራል። በፈቃድ የማይሰጥ መዋጮ ስሙ ግብር ነው፤ ግብር ደግሞ ያለ ሕግ አይጣልም።

5. ከሆቴልና ከቱሪዝም ሥራ ከሚሰበሰበው ግብር የተወሰነው ድርሻ እንግዳውን ወደምታስተናግደው ከተማ በሕግ እንዲመለስ እናደርጋለን። የቤተ ክርስቲያን ገቢ አይነካም።

6. ጡረተኞች፣ ረዳት የሌላቸው አረጋውያንና ቤታቸው በጦርነት የተጎዳባቸው ነዋሪዎች ከአዲስ የቤትና የቦታ ክፍያ ነጻ ይሆናሉ።

የተከበራችሁ መራጮች! እኛም ብንመረጥ የምንይዘው የእናንተን ገንዘብ ነው። ስለዚህ «እመኑን» አንላችሁም፤ መዝገቡን እንድትመረምሩ፣ ተመኑን ራሳችሁ እንድትወስኑ፣ ካጠፋንም እንድትሽሩን የሚያስችል ሕግ እናወጣለን እንላለን። ካርዳችሁን ስትይዙ ደረሰኞቻችሁን አስታውሱ። ሳትጠየቁ የከፈላችሁበት ዘመን በድምፃችሁ ያብቃ!

ከፋዩ ሕዝብ ወሳኝም ይሁን!
ገንዘቡ የከተማው፣ ውሳኔውም የከተማው!