የኦባማ ኬር አረቦን ወደ ማን ዞረ?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዳ፣ አነስተኛ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ የጤና መድኑን የሚያገኘው እንደ አብዛኛው አሜሪካዊ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ በኩል አይደለም። አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ በመሆኑ ገበያ ወጥቶ በግሉ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ ላይ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ለእንዲህ ዓይነቱ ደንበኛ የደረሰው ማስታወቂያ በመጪው ዓመት የሚከፍለው ወርኃዊ አረቦን ምን ያህል እንደሚያሻቅብ የሚያረዳ ነበር። ለብዙዎቹ ጭማሪው እጥፍ፣ ለአንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከእንዲህ ዓይነቱ ዘመድ በየወሩ ገንዘብ የሚላክለት፣ ወይም በእሱ ስም ቤት የሚያሠራና አክሲዮን የሚገዛ ሰው ጉዳዩን የባሕር ማዶ ወሬ ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ብዙዎች ኦባማ ኬር የሚባለው ሕግ ሕክምናን ርካሽ ለማድረግ የወጣ ይመስላቸዋል። ሕጉ በግል ገበያው ላይ የሠራው ሥራ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዋጋውን ከአንዱ ትከሻ አንስቶ በሌላው ትከሻ ላይ አሳርፏል። በመጀመሪያ ከታማሚው ወደ ጤነኛው፣ ቀጥሎም ከገዢው ወደ መንግሥት ካዝና አሸጋግሮታል። በ2025 መጨረሻ ላይ ካዝናው እጁን በከፊል ሲሰበስብ ሸክሙ ተመልሶ በገዢው ላይ ወደቀ። ያውም በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም።

ነገሩን ለመረዳት እድርን ማሰብ ይበቃል። አንድ እድር ቤቱ አስከሬን የወጣበት ዕለት መጥቶ ልመዝገብ የሚለውን ሁሉ ቢቀበል ሣጥኑ ዓመት ሳይሞላው ባዶ ይቀራል። ነባሮቹ እድሮች ከአዲስ ገቢ ዳጎስ ያለ መመዝገቢያ የሚጠይቁት ለዚሁ ነው። ከሕጉ በፊት የአሜሪካ መድን ድርጅቶች መፍትሔ ከዚህ የከፋ ነበር። በአብዛኞቹ ስቴቶች የግል ፖሊሲ ልግዛ ብሎ የመጣውን ሰው የበሽታ ታሪክ ይመረምራሉ፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበትን ዋጋ ይቆልሉበታል፣ ያንን በሽታ ከሽፋኑ ያወጡበታል፣ አለዚያም ጭራሹን አንቀበልህም ይሉታል። ሴት ከወንድ የበለጠ ትከፍል ነበር። የወሊድ ወጪ በብዙዎቹ የግል ፖሊሲዎች ውስጥ አልነበረም። አረቦኑ ርካሽ መስሎ የሚታየው ብዙ የሚያስወጣው ሰው በር ላይ ስለሚመለስ ነበር።

ፕሬዚዳንት ኦባማ ማርች 23 ቀን 2010 የፈረሙት ሕግ ይህንን በር ከፈተው። ከ2014 መግቢያ ጀምሮ መድን ሰጪው ማንንም በበሽታው ምክንያት መመለስ ወይም ዋጋ መጨመር ተከለከለ። አረቦኑን ሊለያይ የሚችለው በዕድሜ፣ በመኖሪያ አካባቢ፣ በቤተሰብ ብዛትና በትምባሆ አጫሽነት ብቻ ሆነ። በዕድሜ በኩልም ቢሆን የ64 ዓመቱ ሰው ከ21 ዓመቱ ወጣት ከሦስት እጥፍ በላይ እንዳይጠየቅ ገደብ ተደረገ። ወሊድን፣ መድኃኒትንና የአእምሮ ሕክምናን ጨምሮ አሥር ዓይነት አገልግሎቶች በእያንዳንዱ ፖሊሲ ውስጥ የግድ እንዲካተቱ ታዘዘ። በግል ገበያው የሚሠራ ድርጅትም ከሚሰበስበው አረቦን ቢያንስ 80 በመቶውን ለሕክምና ማዋል፣ ይህ ካልሆነ ልዩነቱን ለደንበኛው መመለስ አለበት ተባለ። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ብዙ አልተወራለትም እንጂ በትርፍ ህዳግ ላይ ጣሪያ መምታት ስለሆነ ለነጋዴ አንባቢ ከሁሉም ይልቅ የሚገርመው ይኸኛው ነው።

ጤነኛው ግን ለምን ይገባል? ታምሜ ልመዝገብ ማለት ከተፈቀደለት ጤነኛ ሆኖ ለምን ይከፍላል? ኒውዮርክ ይህንን ጥያቄ በገንዘቧ ተምራለች። በ1993 መድን ድርጅቶች ሁሉንም ሰው በአንድ ዋጋ እንዲቀበሉ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ አዋለች፤ ጤነኛው እንዲገባ የሚያስገድድ ግን አላወጣችም። ጤነኛው ቀስ በቀስ ወጣ፣ አረቦኑ ናረ፣ መናሩ ደግሞ የቀረውን ጤነኛ አስወጣ። በ2014 የፌዴራሉ ሕግ ከነግዴታውና ከነድጎማው ሲመጣ የዚያች ስቴት የግል አረቦን በግማሽ ያህል ወረደ። በሌሎቹ ስቴቶች አረቦን ሲወጣ በኒውዮርክ መውረዱ የሕጉን አሠራር ከማንኛውም ንግግር በተሻለ ያሳያል።

ግዴታው መድን ያልገባ ሰው በግብሩ ላይ የሚከፍለው ቅጣት ነበር። በ2016 ቅጣቱ ለአንድ ዐዋቂ 695 ዶላር ወይም የገቢው 2.5 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነበር። በ2017 መጨረሻ የወጣው የግብር ሕግ ይህንን ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረገው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን የራሷን ቅጣት ወዲያው ስለተካች፣ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚኖረው ባለታክሲ መድን ባይገባ የማይቀጣበት ጉዳይ ከተማው ውስጥ የሚኖረውን ወንድሙን ያስቀጣዋል።

በሩ ሲከፈት ዋጋው መውጣቱ አልቀረም። የፌዴራሉን የመድን ገበያ በሚጠቀሙት 39 ስቴቶች የግል ፖሊሲ አማካይ ወርኃዊ አረቦን በ2013 ከነበረበት 232 ዶላር በ2017 ወደ 476 ዶላር ማደጉን የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር በራሱ ሪፖርት ገልጿል። ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሕጉ ተቃዋሚዎች ቁጥሩን እንደ ሰንደቅ ያውለበለቡት ሲሆን፣ ደጋፊዎቹ ደግሞ የ2013ቱ ፖሊሲና የ2017ቱ ፖሊሲ አንድ ዕቃ አይደለም ሲሉ ተከራክረዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ይሁንና በ2013 ጤነኛ የነበረውና ርካሽ ፖሊሲ የያዘው የ35 ዓመት ሰው ክርክሩ አላጽናናውም። የያዝከውን ፖሊሲ ከወደድከው ይቀጥልልሃል ተብሎ ቃል ተገብቶለት ሳለ የስረዛ ደብዳቤ ደርሶታል።

ገበያውን ያቆመው ድጎማው ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። ፖሊሲዎቹ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም በሚል በአራት ደረጃ ይሸጣሉ። መንግሥት በየአካባቢው በዋጋ ከታች ሁለተኛ የሆነውን የብር ፖሊሲ መለኪያ ያደርግና፣ ገዢው ከገቢው በመቶኛ የተወሰነውን ያህል ብቻ እንዲከፍል አድርጎ ቀሪውን ይሸፍናል። ስለዚህ አረቦኑ ቢወጣም የተደጎመው ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማው ካዝናው ነው። በኦክቶበር 2017 የትራምፕ አስተዳደር ለመድን ድርጅቶች ይሰጥ የነበረውን አንድ ሌላ ክፍያ ሲያቋርጥ፣ ድርጅቶቹ ጉድለቱን በብር ፖሊሲ ላይ ጫኑት። የብሩ ዋጋ ሲወጣ በእሱ የሚለካው ድጎማም አብሮ ወጣ። በመሆኑም ለብዙ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች የነሐስ ፖሊሲ በነፃ ሆነላቸው፤ በአንዳንድ ቦታም ወርቅ ከብር ረከሰ! ገበያ በሕግ ሲነካካ እንዲህ ያለ ትርዒት ማሳየቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ላይ ድጎማው ገቢው ከድህነት መስመር አራት እጥፍ በላይ ለሆነ ሰው አይደርስም ነበር። በ2021 ኮንግረስ ይህንን ጣሪያ አንስቶ ማንም ሰው ለመለኪያው ፖሊሲ ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ እንዳይከፍል ደነገገ፤ በ2022ም ድንጋጌውን እስከ 2025 መጨረሻ አራዘመው። በ2020 ወደ 11 ሚሊዮን ግድም የነበረው የገበያው ተመዝጋቢ በ2025 ከ24 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይራዘም አይራዘም የሚለው ክርክር በ2025 መንግሥትን ለ43 ቀናት ካዘጋው ሽኩቻ ዋናው ነበር። ሳይራዘም ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አበቃ። ኬ.ኤፍ.ኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ጥናት ተቋም የተደጎመ ሰው ከኪሱ የሚያወጣው አማካይ የዓመት ክፍያ ከ888 ዶላር ወደ 1 ሺህ 904 ዶላር እንደሚዘል አስልቶ ነበር። ድርጅቶቹም በበኩላቸው ጤነኛው ይወጣል ብለው ስለገመቱ የ2026ን አረቦን አስቀድመው ሰቀሉት። የኒውዮርክ ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አሁን ወደ ባለታክሲው እንመለስ። ዕድሜው 60፣ ነጠላ ነው እንበል። ለ2026 የድህነት መስመሩ አራት እጥፍ 62 ሺህ 600 ዶላር ነው። የዓመት ገቢው 62 ሺህ ከሆነ ለመለኪያው ፖሊሲ የሚከፍለው ከገቢው 9.96 በመቶ፣ ማለትም በወር 515 ዶላር ገደማ ነው። ገቢው 63 ሺህ ከሆነ ግን ድጎማው ሙሉ በሙሉ ይቀርና ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል፤ ይህም በዚያ ዕድሜ በብዙ ስቴቶች በወር ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ተጨማሪ ሠርቶ ስድስት ሺህ ዶላር የሚያጣበት ሒሳብ ነው። የዕድሜ ገደቡ ሦስት እጥፍ ስለሆነ በዚሁ መስመር ላይ የቆመ ወጣት ይህንን ያህል አይጎዳም፤ ጉዳቱ ስድሳን አልፎ ሜዲኬር የሚጀምርበትን 65 ዓመት ያልደፈነውን ሰው ያጠቃል።

የባሰው ሌላ ነው። ድጎማው የሚሰጠው በዓመቱ መጀመሪያ በተገመተ ገቢ ላይ ሲሆን፣ ሒሳቡ የሚዘጋው በግብር ወቅት ነው። ቀደም ሲል ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ግምቱን ቢስት የሚመልሰው ድጎማ ጣሪያ ነበረው። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ይህንን ጣሪያ አንስቷል። ደመወዝተኛ ገቢውን ያውቀዋል፤ ባለታክሲና ባለሱቅ ግን ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው የሚያውቀው። አስተዋይ የሒሳብ ሠራተኛ ያለው ሰው የሥራ ወጪውን በደረሰኝ ይዞ፣ ለጡረታ ቁጠባ ገንዘብ አስገብቶ ገቢውን ከመስመሩ በታች ያወርዳል፤ ይህም ሕጋዊ ነው። ከ2026 ጀምሮ የነሐስ ፖሊሲ የገዛ ሰው ከግብር ነፃ የሆነ የሕክምና ቁጠባ ሒሳብ መክፈት ስለተፈቀደለት በዚህም መጠቀም ይቻላል። ይሁን እንጂ ወደ ነሐስ የሚወርድ ሰው በዓመት እስከ 10 ሺህ 600 ዶላር የሚደርስ የሕክምና ወጪ ከኪሱ ሊከፍል እንደሚችል አውቆ ይውረድ። አረቦኑ የረከሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስደተኛው የወጣው ድንጋጌ ደግሞ ኢትዮጵያዊውን በቀጥታ ይነካዋል። በዲቪ የሄደ ሰው ግሪን ካርድ ቢይዝም ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በአብዛኛው ሜዲኬይድ አያገኝም። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ገቢው ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም እንኳ በገበያው ድጎማ ይሸፈን ነበር። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ይህ ቀርቷል፤ ስቴቱ በራሱ ገንዘብ ካልደረሰለት በስተቀር ገቢው ከ15 ሺህ 650 ዶላር በታች የሆነ አዲስ ገቢ ሁለቱንም ያጣል ማለት ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ ጥገኝነት ያገኘም ሆነ በስደተኝነት የገባ ሰው ግሪን ካርዱ እጁ እስኪገባ ድረስ ድጎማ እንዳያገኝ በዚሁ ሕግ ተደንግጓል። ስለዚህ የግሪን ካርድ ማመልከቻን ማዘግየት ዋጋው በዶላር የሚቆጠር ሆኗል።

የሚኖርበት ስቴትም ለውጥ ያመጣል። ሜሪላንድ የጎደለውን ድጎማ በከፊል ለ2026 በራሷ ገንዘብ ለመሙላት ወስናለች። ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን በ2019 አስፍታለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ጆርጂያና ቴክሳስ ግን ሁሉም ስቴቶች እንዲያሰፉ የተጠየቁትን ሜዲኬይድ እንደ ቨርጂኒያ አላሰፉም።

ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል ከተባለ መልሱ ብዙ አይደለም። ወይ ወደ አገር ቤት ከሚልከው ይቀንሳል፣ ወይ ለአዲስ አበባው ቤት ከሚከፍለው ያዘገያል፣ ወይም መድኑን ይተዋል። መድኑን ትቶ፣ ቢያመኝ አዲስ አበባ መጥቼ እታከማለሁ የሚል ሒሳብ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ለጥርስና ለሐሞት ጠጠር ምናልባት ያዋጣ ይሆናል። ልቡ ሌሊት በቨርጂኒያ አውራ ጎዳና ላይ ከተያዘ ግን አምቡላንሱ የሚወስደው እዚያው ወዳለው ሆስፒታል ነው። ፖሊሲውን በገዛ ፈቃዱ ያቋረጠ ሰው ደግሞ ልዩ ምክንያት ከሌለው በስተቀር ተመልሶ መግባት የሚችለው የሚቀጥለው ምዝገባ በኖቬምበር ሲከፈት ሲሆን፣ ሽፋኑም የሚጀምረው ከአዲሱ ዓመት ጃንዋሪ በፊት አይደለም።